ለማይለቅ ድካም ቴስቶስትሮን መጀመር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ድካም ለወራት አልለቅ ብሏቸው «ቴስቶስትሮን ብጀምር ይሻለኝ ይሆን?» ብለው ለሚያስቡ ወንዶች የተዘጋጀ ነው። ቴስቶስትሮን በዋናነት በዘር ፍሬ የሚሠራ የወንድ ሆርሞን ነው፤ እንደ መድኃኒት ሲሰጥ በእርግጥ ለሚያስፈልገው ሰው ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ለማያስፈልገው ሰው ግን እውነተኛው የድካም መንስኤ ተደብቆ እንዲቆይ ያደርጋል፤ ልጅ የመውለድ ተስፋንም ሊያጓትት ይችላል። ስለዚህ እዚህ የምናተኩረው ከመጀመሪያው መርፌ በፊት መታወቅ ባለበት ነገር ላይ ነው።

ድካሜ ከቴስቶስትሮን ማነስ የመጣ ሊሆን ይችላል?

ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ድካም ብቻውን ደካማ ማስረጃ ነው። በ8 የአውሮፓ ከተሞች ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 79 የሆኑ ከ3,000 በላይ ወንዶችን የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ነበር። ከሆርሞኑ ማነስ ጋር በግልጽ ተያይዘው የተገኙት ሦስት ምልክቶች ሁሉም ወሲባዊ ናቸው፦ የወሲብ ፍላጎት መቀነስ፣ ስንፈተ ወሲብ፣ እና ጠዋት ሲነቁ ይታይ የነበረው የብልት መቆም መጥፋት። ድካምና የስሜት መውረድ ያን ያህል ግንኙነት አልታየባቸውም።

ስለዚህ ድካም ካለብዎት ሌላም ነገር ይመልከቱ። የጢምና የብብት ፀጉር ሳስቷል? ጡትዎ አብጧል ወይም ሲነኩት ያምማል? የዘር ፍሬዎ አንሷል? በቀላል መውደቅ አጥንት ተሰብሮብዎት ያውቃል? ልጅ ሞክረው እንቢ ብሏል? ከእነዚህ አንዱ ወይም ሁለቱ ከድካሙ ጋር ከመጡ ምርመራው ተገቢ ነው።

ታዲያ ድካሙ ከዚህ ካልሆነ ከምን ሊሆን ይችላል?

ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ አብዛኛው ግን በቀላል የደም ምርመራ የሚገኝ ነው። ደም ማነስ፣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ የስኳር በሽታ፣ የኩላሊትና የጉበት ችግር በመጀመሪያው ቀን ሊታዩ ይችላሉ። በአገራችን ሁኔታ ደግሞ ሄፓታይተስ ቢ፣ ኤችአይቪ እና ሳንባ ነቀርሳ መዘለል የለባቸውም። ሌሊት የሚያልብዎት፣ ክብደትዎ የቀነሰና የሚያስልዎት ከሆነ ስለ ሆርሞን ከማሰብዎ በፊት የሳንባ ምርመራ ያድርጉ።

እንቅልፍ ለብቻው ሊነሳ ይገባዋል። በኃይል የሚያንኮራፋ፣ ሌሊት ትንፋሹ ቁርጥ እያለ የሚመለስ፣ ቀን ሲቀመጥ የሚያንጎላጅ ሰው የእንቅልፍ አፕኒያ ሊኖርበት ይችላል። ይህንን አብዛኛውን ጊዜ የምትነግረን አጠገባችን የምትተኛዋ ባለቤታችን ናትና ጠይቋት። አፕኒያ በራሱ ያደክማል፤ ብዙ ጊዜ አብሮት የሚመጣው ውፍረት ደግሞ ቴስቶስትሮንን ዝቅ ያደርጋል። ከባድ አፕኒያ ሳይታከም ቴስቶስትሮን መጀመር ሁኔታውን ሊያባብሰው ስለሚችል ሐኪሞች አስቀድመው እንዲታከም ይጠይቃሉ።

የምንወስዳቸው ነገሮችም አሉ። ጫት እንቅልፍ ይነሳል፤ የማግስቱን መፍዘዝ የሚያውቀው ያውቀዋል። አልኮል ሲበዛ የዘር ፍሬን ይጎዳል። ትራማዶልን የመሳሰሉ ከኦፒየም ወገን የሆኑ ማስታገሻዎች ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ አንጎል ወደ ዘር ፍሬ የሚልከውን ትእዛዝ ያዳክማሉ። ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታሶን ለወራት ወስዶ በድንገት ያቆመ ሰው ደግሞ ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል ዕጢው ሥራ ስላቆመ ከባድ ድካም ሊይዘው ይችላል። ይህ አስቸኳይ ሕክምና የሚፈልግ ነገር ነው።

ሁለት ቫይታሚኖችን ልጨምር። ከእንስሳት ተዋጽኦ በብዛት የሚርቅ ሰው፣ በተለይ ለስኳር ሜትፎርሚን የሚወስድ ከሆነ፣ ቢ12 ሊያንሰው ይችላል፤ ድካም፣ የእግር መደንዘዝና የመርሳት ችግር ያመጣል። በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የምትኖሩ ወገኖች ደግሞ ቆዳችን ጠቆር ያለ በመሆኑና ፀሐይዋ ደካማ በመሆኗ የቫይታሚን ዲ እጥረት ሊያገኛችሁ ይችላል። ድብርትም አለ። ብዙ ወንድ «ተከፍቻለሁ» ከማለት «ደክሞኛል» ማለት ይቀለዋል፤ ሐኪሙ ስለ ስሜትዎ ሲጠይቅ ያልተጠየቁትን ያህል አይለፉት።

ምርመራው እንዴት ነው የሚደረገው?

የአንድ ቀን ውጤት አይበቃም። ሆርሞኑ ጠዋት ከፍ ብሎ ከሰዓት በኋላ ስለሚወርድ ደሙ መቀዳት ያለበት በአገር ቤት አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ቁርስ ሳይበሉ ነው። ውጤቱ ዝቅ ካለ በሌላ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይደገማል። ብዙ ሰው ዝቅ ብሎ ያገኘው ቁጥር ሲደገም መደበኛ ሆኖ ይመጣል። ትኩሳት ላይ ሆነው፣ ኦፕራሲዮን ባደረጉ ሰሞን ወይም ሆስፒታል ተኝተው የተሠራ ምርመራ አይታመንም፤ በሽታ በራሱ ሆርሞኑን ለጊዜው ይጥለዋል።

ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠውን ባዮቲን የሚወስዱ ከሆነ ለላብራቶሪው ይንገሩ። አንዳንድ መሣሪያዎችን አሳስቶ ቴስቶስትሮንን ከሐቁ ከፍ አድርጎ፣ የታይሮይዱንም ቁጥር አዛብቶ ሊያሳይ ይችላል።

ቁጥሩን ሲያነቡ መለኪያውን ይመልከቱ። የአሜሪካ የዩሮሎጂ ማኅበር እንደ መነሻ የሚጠቀምበት 300 ናኖግራም በዴሲሊትር፣ በሌላ ወረቀት 3 ናኖግራም በሚሊሊትር ወይም 10.4 ናኖሞል በሊትር ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ሦስቱም አንድ ናቸው። አዲስ አበባ የተመረመረውን ከለንደን ውጤት ጋር አስተያይቶ «ወረደብኝ» ብሎ የሚደነግጥ ሰው አለና ልብ ይበሉ። ቁጥሩ ድንበር ላይ ከሆነ፣ ወይም ሰውዬው ወፍራም ከሆነ፣ ሆርሞኑን በደም ውስጥ የሚሸከመው ፕሮቲን ይለካና ነፃ ቴስቶስትሮን (ከፕሮቲን ጋር ያልተጣበቀው) ይሰላል።

ሌሊት እየሠራሁ ቀን ነው የምተኛው። ምርመራውን መቼ ላድርግ?

የእርስዎ «ጠዋት» ከዋናው እንቅልፍ የነቁበት ሰዓት ነው። ሌሊት ታክሲ የሚነዱ፣ በመጋዘን ወይም በሆስፒታል ፈረቃ የሚሠሩ ሰዎች ከሥራ መልስ በቀጥታ ሄደው ቢቀዱ የተሳሳተ ቁጥር ሊያገኙ ይችላሉ። ፈረቃዎን ለሐኪሙ ይንገሩና ጥሩ እንቅልፍ ካገኙ በኋላ እንዲሆን አብረው ይወስኑ። የፈረቃ ሥራ ራሱ የድካሙ ምንጭ ሊሆን እንደሚችልም አይርሱ።

ሁለቱም ውጤት ዝቅ ብሎ መጣ። አሁን ልጀምር?

ገና ነው። ለምን እንደወረደ መታወቅ አለበት። ለዚህ ኤልኤች፣ ኤፍኤስኤች እና ፕሮላክቲን የሚባሉ ሌሎች ሆርሞኖች ይለካሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንጎል ለዘር ፍሬ የሚልካቸው ትእዛዞች ናቸው። ኤልኤች እና ኤፍኤስኤች ከፍ ብለው ቴስቶስትሮን ዝቅ ካለ አንጎል እያዘዘ የዘር ፍሬው መሥራት አቅቶታል ማለት ነው። በወጣትነት ከጆሮ ደግፍ ጋር የመጣ የዘር ፍሬ እብጠት፣ ጉዳት፣ የካንሰር ሕክምና፣ ወይም ክላይንፌልተር የሚባለው ተጨማሪ ኤክስ ክሮሞሶም ይዞ መወለድ መንስኤ ሊሆን ይችላል። ክላይንፌልተር ከ600 ወንዶች በግምት በአንዱ የሚገኝ ሲሆን ብዙዎቹ ልጅ እስኪፈልጉ ድረስ ሳያውቁት ይኖራሉ።

ቴስቶስትሮን፣ ኤልኤች እና ኤፍኤስኤች ሦስቱም ዝቅ ካሉ ችግሩ ያለው ከላይ፣ ከአንጎል በታች ባለችው ፒቱታሪ ወይም ከእሷ በላይ ነው። ፕሮላክቲን በጣም ከፍ ካለ፣ ራስ ምታት ካለ፣ ወይም የዓይን እይታ ከዳርና ከዳር ከጠበበ የአንጎል ኤምአርአይ ያስፈልጋል። ፕሮላክቲን የሚያመነጭ ካንሰር ያልሆነ እብጠት ሲገኝ ብዙውን ጊዜ ካበርጎሊን በሚባል እንክብል ይሟሽሻል፤ ቴስቶስትሮኑም ራሱ ይመለሳል። መንስኤው ሳይፈለግ ቴስቶስትሮን የተወጋ ሰው ግን ለጊዜው ሻል ብሎት እብጠቱ እያደገ ሊቆይ ይችላል። ለዚህ ነው «መርፌውን ብቻ ስጡኝ» ማለትን አጥብቄ የምቃወመው።

መንስኤው ውፍረት ከሆነስ? ክብደት ሲቀንስ ቴስቶስትሮን ከፍ ይላል። ይህ ቀላል መንገድ አይደለም፤ ነገር ግን ስኳሩንም፣ አፕኒያውንም፣ ድካሙንም አንድ ላይ ይነካል።

ውጤቴ መደበኛ ነው፤ ድካሙ ግን አለ። ለሙከራ ብወስደውስ?

አይመከርም። ሆርሞናቸው ዝቅ ባለ አረጋውያን ላይ እንኳ ለድካም ያለው ጥቅም ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ የታተመው የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ቴስቶስትሮናቸው በግልጽ የወረደ 790 ወንዶችን ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። የወሲብ ፍላጎትና ችሎታ ተሻሽሏል፤ ስሜትም በትንሹ። በድካም መለኪያው ግን የቴስቶስትሮን ቅባት የተቀቡት መድኃኒት የሌለበት ባዶ ቅባት ከተቀቡት በግልጽ አልተሻሉም። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያም ከዕድሜ ጋር ሆርሞናቸው ለወረደ ወንዶች ጉልበትንና ንቃትን ለመጨመር ተብሎ ቴስቶስትሮን እንዳይጀመር መክሯል፤ ከወሲብ ችግር ጋር ሲሆን ግን ከሐኪም ጋር መነጋገር ይቻላል ይላል።

በሽታ ኖሮባቸው ሆርሞኑ ከሞላ ጎደል የሌላቸው ሰዎች ጉዳይ የተለየ ነው። ፒቱታሪው የተጎዳ ወይም የዘር ፍሬው የወጣ ሰው ሕክምናው ሲጀመርለት ጉልበቱም ሊመለስ ይችላል።

«ክሮኒክ ፋቲግ ሲንድረም» ተብያለሁ። ለእሱ ይረዳል?

ይህ የራሱ በሽታ ነው። ቢያንስ ለ6 ወር የሚቆይ፣ በዕረፍት የማይለቅ፣ ትንሽ ከተንቀሳቀሱ በኋላ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ሰውን አልጋ ላይ የሚጥል ድካም አለው። ቴስቶስትሮን ለዚህ በሽታ የተረጋገጠ ሕክምና አይደለም። በተጨማሪ ሆርሞኑ ዝቅ ብሎ በሁለት ምርመራ ከተገኘ ሊታከም ይችላል፤ በሽታውን ግን ያስወግዳል ተብሎ አይጠበቅ።

ልጅ መውለድ እፈልጋለሁ። ችግር አለው?

አዎ፣ ትልቅ ችግር አለው፤ ብዙ ወንድ ሳይነገረው የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። «የወንድነት ሆርሞን» ስለሚባል ዘርን የሚያበዛ ይመስላል። የሚሆነው ግን የዚያ ተቃራኒ ነው። ከውጭ ቴስቶስትሮን ሲገባ አንጎል «በቂ አለ» ብሎ ኤልኤችንና ኤፍኤስኤችን ያቆማል፤ የዘር ፍሬም ዘር መሥራቱን ይተዋል፣ እያነሰም ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህንኑ ባሕርይ ለወንዶች የወሊድ መከላከያነት አጥንቶታል፤ እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው ውጤት በየሳምንቱ 200 ሚሊግራም ከተወጉት ወንዶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዘር ፈሳሻቸው ውስጥ አንድም የዘር ሕዋስ ሳይገኝ ቀርቷል።

ሲያቆሙ በአብዛኛው ይመለሳል፤ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ይፈጃል፤ አንዳንዱ 2 ዓመት ይጠብቃል፤ ጥቂቶች ደግሞ ወደ ቀድሞው አይመለሱም። በእኛ ማኅበረሰብ ልጅ ሲዘገይ ጣት መጀመሪያ የሚቀሰረው ሚስት ላይ ነው። እሷ ከክሊኒክ ክሊኒክ ስትንከራተት ባል መርፌውን በዝምታ ቢወጋ በጣም ከባድ በደል ነው። ልጅ የምትፈልጉ ከሆነ ከመጀመርዎ በፊት ለባለቤትዎም ለሐኪምዎም ይንገሩ። ችግሩ ከአንጎል ትእዛዝ ማነስ ለሆነ ሰው ኤችሲጂ ወይም ክሎሚፊን የመሳሰሉ የራስን የዘር ፍሬ የሚያነቃቁ መድኃኒቶች በልዩ ሐኪም ሊታዘዙ ይችላሉ። ቴስቶስትሮን እየወሰዱ «አልወልድም» ብሎ መዘናጋትም አይገባም፤ አስተማማኝ መከላከያ ተብሎ አልጸደቀም።

በምን መልክ ነው የሚሰጠው? የቱ ይሻላል?

በብዛት የሚታወቀው በጡንቻ የሚወጋው ነው። ኤናንቴት እና ሳይፒዮኔት የሚባሉት በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይሰጣሉ፤ ዋጋቸውም ከሌሎቹ ይቀንሳል። በየሁለት ሳምንቱ ሲሆን የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሞቅ ብሎ፣ መጨረሻው ላይ ድካሙ ተመልሶ የሚመጣበት ሰው አለ። ይህ ለድካም ብሎ ለጀመረ ሰው ግራ ያጋባል፤ ሐኪሙ መጠኑን ለሁለት ከፍሎ በየሳምንቱ ሲያደርገው ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። አንዴካኖኤት ደግሞ ከሁለተኛው መርፌ በኋላ በየ10 እስከ 14 ሳምንቱ ይሰጣል። ዘይቱ ወደ ሳንባ አምልጦ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ሊያመጣ ስለሚችል ከተወጉ በኋላ ለ30 ደቂቃ እዚያው መቆየት ጥሩ ነው።

ቅባቱ በየቀኑ ትከሻ ወይም ክንድ ላይ ይቀባል። መጠኑ አይዋዥቅም፤ አደጋው ወደ ሌላ ሰው መተላለፉ ነው። ሕፃን ታቅፎ የሚያስተኛ አባት የተቀባውን ቦታ ካልሸፈነ ልጁ ላይ ያለዕድሜው የብልት ፀጉርና የብልት ማደግ ሊታይ ይችላል። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ ሲደርቅ ልብስ ይልበሱ፣ ልጅ ከማቀፍዎ በፊት ቦታውን ይታጠቡ።

በአፍ ከሚወሰዱት አሮጌው ሜቲልቴስቶስትሮን ጉበትን ስለሚጎዳ ይቅርብዎት። አዲሶቹ የአንዴካኖኤት እንክብሎች ከምግብ ጋር ይወሰዳሉ፤ ጾም የሚጾሙ ወይም ረመዳን የሚይዙ ከሆነ ሰዓቱን ከሐኪም ጋር አስቀድመው ያስተካክሉ።

ለልብና ለፕሮስቴት አደገኛ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2023 ትልቅ መልስ አግኝቷል። የልብ ሕመም ያለባቸው ወይም ለልብ ሕመም የተጋለጡ፣ ሆርሞናቸውም የወረደ ከ5,200 በላይ ወንዶች በተሳተፉበት ጥናት ቴስቶስትሮን ድንገተኛ የልብ ጥቃትንና ስትሮክን ከባዶው መድኃኒት በላይ አላመጣም። ይሁን እንጂ የልብ ምት መዛባት፣ ወደ ሳንባ የሚሄድ የደም መርጋት እና ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት በቴስቶስትሮን ወገን በዝተው ታይተዋል። የደም ግፊትም ሊጨምር ስለሚችል ይለካ። ባለፉት 6 ወራት ልብዎ ተጠቅቶ ወይም ስትሮክ መትቶዎት ከሆነ አይጀመርም።

በዚሁ ጥናት የፕሮስቴት ካንሰር ጎልቶ አልጨመረም፤ ግን ፒኤስኤ (የፕሮስቴትን ሁኔታ የሚጠቁም የደም ምርመራ) ከፍ ያለባቸው ሰዎች ገና ከመነሻው አልተካተቱም። የፕሮስቴት ወይም የጡት ካንሰር ያለበት ወንድ ቴስቶስትሮን አይሰጠውም። ፒኤስኤ ከመጀመሩ በፊትና በመጀመሪያው ዓመት ይለካል።

ደሜ ይወፍራል የሚሉትስ?

ይህ ከሁሉ የተለመደው ጉዳት ነው። ቴስቶስትሮን ቀይ የደም ሕዋስ ያበዛል። ሄማቶክሪት የሚባለው ልኬት፣ ማለትም ከደሙ ውስጥ የቀይ ሕዋሱ ድርሻ፣ ከ54 በመቶ ካለፈ መድኃኒቱ ይቆማል ወይም ይቀነሳል። የአሜሪካ የኢንዶክሪን ማኅበር መጀመሪያውኑ ሄማቶክሪታቸው ከ48 በመቶ በላይ ለሆነ፣ በከፍታ ቦታ ለሚኖሩ ደግሞ ከ50 በመቶ በላይ ለሆነ ሰዎች እንዳይጀመር ይመክራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምትገኝ ይህ ለእኛ የሩቅ ነገር አይደለም። ከመጀመርዎ በፊት፣ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ እና ከዚያ በየዓመቱ ይለኩ። የሚያጨስ ሰው ቁጥሩ ይበልጥ ከፍ ይላል።

ለውጥ መቼ አያለሁ?

የወሲብ ፍላጎት ከ3 እስከ 6 ሳምንት፣ ስሜትና ጉልበት ከሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት፣ ጡንቻ ከ3 እስከ 4 ወር፣ አጥንት ከዓመት በላይ። በ6 ወር ውስጥ የደም መጠኑ ተስተካክሎ ድካሙ ካልተነቃነቀ መንስኤው ሌላ ነው፤ መጠን መጨመር ሳይሆን ፍለጋውን እንደገና መጀመር ይገባል።

አንዴ ከጀመርኩ ዕድሜ ልክ ነው?

የዘር ፍሬው ወይም ፒቱታሪው ለዘለቄታው ለተጎዳ ሰው አዎ። ለሌላው ማቆም ይቻላል፤ ግን የራስ ሆርሞን ተኝቶ ስለቆየ እስኪነቃ ድረስ ለሳምንታት ወይም ለወራት ከመጀመሪያው የባሰ ድካም ሊኖር ይችላል። ብዙ ሰው በዚህ ደንግጦ ይመለሳል፤ «ያለ እሱ አልችልም» ብሎም ይደመድማል። ማቆም ሲፈልጉ ከሐኪም ጋር ያድርጉት።

ጂም ውስጥ በርካሽ ይሸጣል። ያው አይደለም?

አይደለም። በብልቃጡ ላይ የተጻፈው ውስጡ ስለመኖሩ ማረጋገጫ የለም፤ ንጽሕናው ካልተጠበቀ መግል ይቋጥራል፤ መርፌ በመጋራት ኤችአይቪና ሄፓታይተስ ይተላለፋል። ለጡንቻ የሚወሰደው መጠን ለሕክምና ከሚሰጠው ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። አስቀድመው ወስደው ከነበረ ለሐኪሙ ይናገሩ፤ የዛሬው ድካምዎ ያን ካቆሙ በኋላ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ሴት ነኝ፤ እኔም በጣም ይደክመኛል። ይረዳኛል?

ለድካም አይመከርም። በሴቶች ላይ በማስረጃ የተደገፈው አጠቃቀም ከወር አበባ መቋረጥ በኋላ ለሚመጣና ለሚያስጨንቅ የወሲብ ፍላጎት መቀነስ ብቻ ነው፤ ያም በትንሽ መጠንና በክትትል። የደም ማነስ፣ የብረትና የታይሮይድ ምርመራ ይጀምሩ። እርጉዝ ሴት ቅባቱን ልትነካ አይገባም።

ይዤ ብጓዝ ችግር ይገጥመኛል?

ሊገጥምዎት ይችላል። ቴስቶስትሮን በአሜሪካ በሕግ ቁጥጥር ሥር ያለ መድኃኒት ነው። ማዘዣውን፣ የሐኪም ደብዳቤውንና ዋናውን ማሸጊያ ይያዙ፤ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሄዱ ከሆነ ከጉዞው በፊት የዚያን አገር የመድኃኒት ደንብ ይጠይቁ።

ሐኪሙ ጋ ስገባ ምን ልበል?

«ድካም አለብኝ» ብቻ ብለው አይተዉት። መቼ ጀመረ፣ ጠዋት ይብሳል ወይስ ማታ፣ ከሥራ በኋላ ነው ወይስ ሲነቁም አለ? ስንት ሰዓት ይተኛሉ፣ ያንኮራፋሉ? የወሲብ ፍላጎትዎ እንዴት ነው፣ ጠዋት ብልትዎ ይቆማል? ይህን መናገር የሚያሳፍርዎት ከሆነ ወረቀት ላይ ጽፈው ይስጡት። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ከሱቅ የተገዛውን፣ የባህል መድኃኒቱን፣ ጫቱንና አልኮሉን ጨምሮ ይዘርዝሩ። ልጅ መውለድ ይፈልጉ እንደሆነም ሳይጠየቁ ይንገሩት።